የኤሎይ ስም እና የጉትቻው ማስታወቂያ

ያን ሰሞን የሮሲዮ ፊት በየደቂቃው ሲቀላ፣ ፍቅር ነው ብዬ ነበር። ሞኝ ነኝ! ለካ ሐፍረት ኖሯል።

እኔና እሷ የምንሠራው ስፔን፣ ኡቤዳ ከተማ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ ጉዳይ አስፈጻሚ ቢሮ ነው። የወይራ ገበሬውን ግብርም ድጎማም የምንጨርሰው እኛ ነን። ለዚህም የየደንበኛው ዲጂታል ሰርተፍኬት፣ ማለትም መታወቂያውና ፊርማው፣ ኮምፒውተራችን ላይ ተጭኗል። የመንግሥት ገጽ ስንከፍት «ሰርተፍኬት ይምረጡ» የሚል መስኮት ይመጣል፤ ስሙን መርጠን «እሺ»ን እንጫናለን። ቀኑን ሙሉ እሺ፣ እሺ! እጃችን ዓይናችንን መጠበቅ ከተወ ቆይቷል።

ኤሎይ ደንበኛችን ነው። ትራክተሩን በር ላይ አቁሞ ለአንዲት ወረቀት ደጋግሞ ይመላለሳል። ወረቀቷ ሰበብ መሆኗ ከሮሲዮ በቀር ለሁላችንም ገብቶናል። በመጨረሻ ኮፍያውን በእጁ እያሸ፣ «እሁድ ለማርያም ንግሥ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አላት።

በእኛ ከተማ ወንድና ሴት ጎን ለጎን ንግሥ ከወረዱ ነገሩ አለቀ፤ የቀረው ድግሱ ነው። ሮሲዮ መሬት መሬቱን እያየች፣ «እሄዳለሁ» አለች።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት፣ በቢሮው ኮምፒውተር ለንግሡ የሚሆን ጉትቻ ስትመርጥ፣ ከገጹ ጎን ካለ ማስታወቂያ ያው መስኮት ዱብ አለ፦ «ሰርተፍኬት ይምረጡ»። ከላይ የነበረው የኤሎይ ስም ነው፤ ጠዋት የድጎማ ቅጹን የሞላችበት። ጉትቻ ሻጭ የሰው መታወቂያ ምን ያደርግለታል? «ሰርዝ» ብላ መዝጋት ነበረባት። እጇ ግን እንደለመደው «እሺ»ን ተጫነ።

ክው አለች። ስሙና የመታወቂያ ቁጥሩ ለማይታወቅ ሰው ሄደ።

ለእኔ እንኳ ትንፍሽ አላለችም። ኤሎይ በመጣ ቁጥር የፋይል ክፍል ገብታ ትደበቃለች። ቅዳሜ በር ላይ ጠብቆ ያዛት።

«እሁድ አልችልም» አለችው።

«ምነው? አመመሽ?»

«አይ።»

ኤሎይ ጭቃ የጠጣ ጫማውን አየ። «ገባኝ። ከእኔ ጋር መታየት አሳፍሮሽ ነው።»

 ፊቱን አዙሮ ወደ ትራክተሩ አመራ።

«አንቺ ልጅ፣ አፍ የለሽም እንዴ?» ብዬ ጮህኩባት። «ሰውየው እኮ እየሄደ ነው!»

ሮጣ ትራክተሩ ጋ ደረሰችበት። እኔም ተከተልኩ፤ ምን ላድርግ፣ ወሬ እወዳለሁ።

«ያፈርኩት በራሴ ነው!» አለች እያለቀሰች። ጉትቻውንም፣ ማስታወቂያውንም፣ «እሺ»ውንም ነገረችው። «አምነህ የሰጠኸኝን አሳልፌ ሰጠሁብህ።»



«ሰርተፍኬቱስ ይሰረዛል» አላት ኤሎይ። «አንቺ ግን ስትሸሺኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ ጫማዬን ስጠላ ነው የሰነበትኩት።»

ሮሲዮ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ንግሡ አለፈ፤ ሁለቱም አልሄዱም። ሰኞ ሰርተፍኬቱን አሰረዘችለት። አዲስ ለማውጣት ባለቤቱ ራሱ ቀርቦ መታየት አለበትና፣ ወረፋው ላይ አጠገቡ ቆመች። ሲወጡ ኤሎይ፣ «ከእንግዲህ ይሄ እኔው ጋ ይቀመጣል» እንዳላት የነገረችኝ እሷው ናት።

«ይገባል» አለች አንገቷን ደፍታ። «ሌላ ቢሮም ብትሄድ አልቀየምህም።»

«ለወረቀቴ ሌላ ቢሮ አይጠፋም። አንቺን ግን ከየት አመጣለሁ?»

ሮሲዮ ቀና ብላ አየችው።

«እሁድ እናቴ ቤት ምሳ አለ» አላት።

«በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?»

«አንቺው ትነግሪያታለሽ። ሁለተኛ መደበቅ የለም።»

ሄደች። ማንኪያ ሳታነሳ፣ አንድም ሳታስቀር ለእናትየው ተናገረች። እሳቸው እስክትጨርስ ሰሟት፤ ከዚያ ሾርባውን ቀዱላትና፣ «ብዪ ልጄ፣ ይቀዘቅዛል» አሉ።

ሮሲዮ ግን ቀና ማለት አቃታት።

«አሁንም እያፈርሽ ነው?» አላት ኤሎይ በቀስታ።

«አዎ።»

ወንበሩን ወደ እሷ ሳበ። «እንግዲያው ብቻሽን አትፈሪ። አብረን እንፈር» አላት።