ከራስጌ የተነሳው ወረቀት

ኢንስፔክተር ወልደሰማያት በመንደራ ቆጪ ሰፈር ወደሚገኘው የአረጋውያን መጦሪያ ሲደርስ፣ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ሸሚዛቸው ተቀይሮ፣ ፂማቸው ተበጥሮ አልጋቸው ላይ ተጋድመዋል። በሕይወት ሳሉ እንዲህ አምሮባቸው ያየ የለም። እኛ ሽማግሌ ማክበር የምንጀምረው ከሞተ በኋላ ነው፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

«የገደለችብኝ እሷ ናት» አለ ልጃቸው ዮኤል፣ አስታማሚዋን ትንቢትን እያሳየ። «ጣቷን ይዩት።»

የትንቢት ጣቶች ላይ የጥርስ ምልክት ነበር። ሟቹ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ በደንብ መዋጥ ስለማይችሉ ምሳቸውን በማንኪያ የምትሰጣቸው እሷ ነች። ዮኤል እንደሚለው፣ ቸኩላ ምግብ ጠቅጥቃባቸው አንቃቸዋለች። እሷ ደግሞ ጣቴን የከተትኩት ያነቃቸውን ላወጣ ነው ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም። ከየቡ ከተማ የመጣች ልጅ ናት፤ ሁለት ታናናሾቿን የምታስተምረው እሷ ናት። እስከ ማግሥቱ ድረስ ጣቢያ ቆየች።

ኢንስፔክተሩ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየ። ኮመዲኖው ላይ የተቀመጠው አጥሚት እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ ላዩ ረግቷል፤ ማንኪያው ደረቅ ነው። ከራስጌው በላይ ግድግዳው ላይ አራት የፕላስተር ቁራጮች ቀርተዋል።

«እዚህ ምን ተለጥፎ ነበር?» ሲል የመጦሪያውን ኃላፊ ወይዘሮ አልማዝን ጠየቃቸው።

«የድሮ ካላንደር ነው፤ ጣልነው» አሉ ዓይናቸውን ሰበር አድርገው።

ቀጥሎ ዮኤልንና አብረውት የመጡትን እንግዶች አነጋገረ። ዮኤል አባቱን እዚህ ካስገባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብቅ ብሎ አያውቅም። ያን ቅዳሜ የልጁን ልደት ከአረጋውያኑ ጋር ላክብር ብሎ፣ አራት ጓደኞቹን አስከትሎ ኬክና ጥብስ ይዞ ከአዲስ አበባ መጣ። ለአረጋውያኑ እየዞሩ አጎረሱ፤ ፎቶ ተነሱ። ኢንስፔክተሩ ሁሉም ስልካቸውን እንዲያሳዩት ጠየቀ። በዮኤል ስልክ ላይ አስራ አንድ አረጋውያን አፋቸውን ከፍተው ይታያሉ፤ አባቱ ግን የሉም። እሳቸው ጋ ሳልደርስ ነው የሞቱት አለ።

ከሟቹ ክፍል በስስ ኮምፔንሳቶ የተለየ ክፍል ውስጥ ዓይናቸው የጠፋ ወይዘሮ አፊፋ ይኖራሉ።

«ወላሂ፣ እኔ ምን አያለሁ ልጄ» አሉ። «ጭብጨባ ግን ሰምቻለሁ። አንዴ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አንዴ።»

«እርስዎን ሲያጎርሱዎትስ ተጨበጨበ?»

«ላኪ፣ የለም፤ ለእኔ ማን ያጨበጭባል። አጎረሱኝ፣ ፎቶ አነሱኝ፣ ሄዱ።»

በማግሥቱ ከሰዓት የሐኪሙ ቃል እንደደረሰው ሁሉንም ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበ። ትንቢትም በፖሊስ ታጅባ መጥታ ከበሩ አጠገብ ቆመች።

«ጉሮሯቸው ውስጥ የተገኘው ጥብስ ነው» ሲል ጀመረ። «የመጦሪያው ወጥ ቤት ቅዳሜ ሥጋ አልሠራም። ስለዚህ ያነቃቸው የእንግዶቹ ምግብ ነው። የትንቢት ማንኪያ አልረጠበም፤ በምሳ ሰዓት አጠገባቸው አልነበረችም ማለት ነው። የት ነበረች፣ ወይዘሮ አልማዝ?»

ወይዘሮ አልማዝ የነጠላቸውን ጫፍ ይፈትሉ ጀመር። «ለእንግዶቹ ለስላሳ እንድታድል ላክኋት።»

«ከራስጌያቸው የተነሳው ወረቀትስ?»

«‹በማንኪያ ብቻ፤ አያጉርሱ› ይላል። ፎቶ ያበላሻል ብዬ… እኔ ነኝ ያነሳሁት።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ዮኤል ዞረ። «ባዳ ሽማግሌ ሲያጎርስ ማንም አያጨበጭብም። ልጅ አባቱን ሲያጎርስ ግን ይጨበጨባል። ሁለቴ የተጨበጨበው በአንድ ጉርሻ መቆም ነውር ስለሆነ ነው። የመጀመሪያውን ሳይውጡት ሁለተኛውን ደገሟቸው። የማያውቃቸው አስራ አንድ ሰዎች ፎቶ ያለው ደጋሽ ከገዛ አባቱ ጋር አንድ እንኳ የሌለው ስላጠፋው ነው።»

ከጓደኞቹ አንዷ ናርዲ አንገቷን ደፋች። «በእሱ ስልክ ያነሳሁት እኔ ነኝ» አለች። «ስናጨበጭብም ነበር።»

ወልደሰማያት ግን የተደሰተ አይመስልም። የራሱን ስልክ አውጥቶ አንድ ፎቶ ከፈተና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አምና እሱም ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ጋር ሌላ መጦሪያ ሄዶ አንድ ሽማግሌ ሲያጎርስ የተነሳው ፎቶ ነው። ፎቶ መፈለግ እንዳለበት ያወቀው ከዚህ መሆኑን ነገራቸው። «ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም» አለ።

ዮኤል ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አባቱ ሲያስሉ ደስ ብሏቸው የሚስቁ መስሎት ኬክ ሊቆርስ ሄዷል። ሲመለስ ትንቢት ጣቷን አፋቸው ውስጥ ከትታ ስታለቅስ አገኛት። አፈረ፤ ኀፍረቱን የሚጭንበት ሰው ሲፈልግ ደግሞ እሷ አጠገቡ ነበረች።

«ይቅር በይኝ» አላት። «ግን መዋጥ ካልቻሉ ለምን አፋቸውን ከፈቱልኝ? ጭንቅላታቸውን ቢነቀንቁ እኮ እተው ነበር።»



«ለእኔ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቁ ነበር» አለች ትንቢት። «አፋቸውን የሚከፍቱልኝ ‹ዮኤል ከአዲስ አበባ ተነስቷል፣ አሰንዳቦ ደርሷል፣ ሊገባ ነው› ስላቸው ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየምሳው እንደዚያ እያልኩ ዋሸኋቸው። ቅዳሜ ግን እርስዎ እውነትም መጡ።»