ቀዩ የወፍ መጠጫ

የማይመጣ ወፍ የሚጠብቅ ሰው ሞኝ ነው ወይስ አፍቃሪ? እስካሁን አልመለስኩትም።

ዶሚኒካ ደሴት ላይ ሀሚንግበርድ የምትባለውን ትንሽ ወፍ አጥንቼ ሜልበርን በተመለስኩ ሰሞን፣ ብሬብሩክ ሰፈር ባለው ቸርቻችን በር ላይ አናንያ የሚባል ሰው ጠበቀኝ። ከስሙ በፊት ኢንጂነር መሆኑን ነገረኝ። ስለ ጥናቴ ቸርች ውስጥ ሰምቶ ኖሮ፣ ስልኩን አወጣ።

«የአንቺ ወፍ ጓሮዬ መጥታ ነበር።»

ቪዲዮውን አየሁት። «እዚህ አገር ሀሚንግበርድ የለም። እሷ አየር ላይ ቆማ ነው የምትጠጣው። ያንተዋ ቅርንጫፍ ላይ ተንደላቅቃ ተቀምጣለች።»

«ደክሟት ይሆናላ።»

እንዳልስቅ ከንፈሬን ነከስኩ። ኮሊንግዉድ ሰፈር ፎቃችን ላይ ስነግራት እናቴ ግን አልሳቀችም። «ስሚ ሆሳዕና፣ ሰውየው ቤት አለው፣ ይጸልያል። ወፍ ልታገቢ ነው?»

በየእሁዱ በመኪናው ይሸኘኝ ጀመር። የመኪናው ሽቶ ራስ ያዞራል። አንድ ቀን የጥናቴን ፎቶ አሳየሁት፤ ሁለት ጉሮሯቸው ሐምራዊ የሆነ ወፎች።

«ሴቷ የቷ ናት?» አልኩት።

«አፏ የረዘመው» አለ፣ እኔን እያየ።

«ምንቃር ነው የሚባለው። አዎ፣ የሷ ይረዝማል፣ ይጎብጣልም።»

«ወንዱስ ሥራው ምንድን ነው?»

«ቀይ አበባውን ከሌሎች ይጠብቃል። በመራቢያቸው ወቅት ለሷ ይለቅላታል። ጎጆውን ግን ብቻዋን ነው የምትሠራው።»

«ሰነፍ» አለ አናንያ። «እኔ ሠርቼ ጨርሻለሁ።»

የሠራውን አየሁት። ከደሴቱ የሥራ ጥሪ እንደደረሰኝ በነገርኩት ሳምንት ዋይንድሃም ቬል የሚባለው ሰፈሩ ወሰደኝ። ቤቱን ከጎረቤቱ የሚለየው የበሩ ቁጥር ብቻ ነው፤ ሣሩ ፕላስቲክ። ጓሮው ውስጥ ስኳር ውሃ የተሞላ፣ ቀይ፣ የሀሚንግበርድ መጠጫ ተሰቅሏል። ጉንዳን ወሮታል።

«ጉንዳን ነው የምታረባው?» አልኩት። «የለም አላልኩህም?»

«አውቃለሁ።» መጠጫውን አላየም። «አንቺ ከመጣሽ ብዬ ነው።»

አንድ ደግ ቃል ብቻ ይጠብቅ ነበር፤ ፊቱ ላይ ይታያል።

«ስኳሩ በዝቷል» አልኩት።

እስከ ኮሊንግዉድ ድረስ ሬዲዮ ሰማን።

ዶሚኒካ በተመለስኩ ዓመት አንድ ወንድ ወፍ ቀይ አበባውን ለቆ ዞር ሲል፣ ሴቷ ገብታ ስትጠጣ በቪዲዮ ቀረጽኩ። ለአናንያ ላክሁለት። ከሥሩ «መጠጫውን አላወረድከውም አይደል?» ብዬ ጻፍኩ።

አይቶታል። አልመለሰም።