ቀን የሌለው ማመልከቻ

ስጦታው ሐሙስ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሞቶ ተገኘ። ያገኘችው ሚስቱ አስናቀች ናት። ምሳውን ይዛ ብቸና ፍርድ ቤት አጥር ሥር ወዳለችው የቆርቆሮ ክፍሉ ስትገባ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አየችው። አጠገቡ አረቄ የነበረበት ብርጭቆ፣ ከብርጭቆው ሥር ደግሞ በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ነበር።

ኢንስፔክተር ሥርጉት ስትደርስ ደጁ በሰው ተሞልቷል። ገሚሱ ሊያለቅስ፣ ገሚሱ ሊያይ መጥቷል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ግን ያስቸግራል። ሥርጉት ከሰው ጋር ስታወራ ከፊቱ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት። ሬሳውንም ስታይ የጀመረችው ከእጁ ነው። ስጦታው ቀኝ ክንዱን በባድመ ጦርነት አጥቷል። የቀረችው ግራ እጁ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታለች። ገልበጥ አድርጋ መዳፉን አየችው፤ ንጹሕ ነው። ከዚያ ወረቀቱን አነሳች።

«ጥቅምት 21 ቀን። እኔ ስጦታው ክንዴን ያጣሁት በጦርነት ሳይሆን በመኪና አደጋ ነው። ለሌሎች ወታደሮች የጻፍኳቸው የጉዳት ማመልከቻዎችም ውሸት ናቸው። ኅሊናዬ ስለወቀሰኝ በገዛ እጄ ሞቻለሁ።»

ጽሕፈቱ ያምራል። መስመሩ አልተዛነፈም፣ አንዲት የቀለም ጠብታ የለችበትም።

ሐኪሙ ብርጭቆውን አሽትቶ ፊቱን አጨማደደ። «የነቀዝ መድኃኒት ነው» አለ።

የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ የሚቀበለው ሠራተኛ በላቸው፣ ቢሮው እዚያው ግቢ ውስጥ ስለሆነ ተጠርቶ መጣ።

«ይህ ሰውዬ ሥራው ምን ነበር?» አለችው ሥርጉት።

«ለቆሰሉ ወታደሮች በነጻ ይጽፍ ነበር። አንድ ሰው የጉዳት አበል ለመጠየቅ የሐኪም ቦርድ ውሳኔ፣ የጦር ክፍሉ ማስረጃ፣ ምስክር ያስፈልገዋል። ያ እስኪሟላ እኛ አንድ ገጽ እንቀበላለን። ‹እንዲህ ያለ ጉዳት አለብኝ፣ ማስረጃዬን አመጣለሁ› ካለ ይበቃል። ማኅተም እናደርግበታለን፤ አበሉ ከዚያች ቀን ጀምሮ ይታሰብለታል። በዓመቱ ሙሉውን ካላመጣ ግን ቀኑ ይወድቃል።»

«ባለጉዳዩ ራሱ መምጣት አለበት?»

«የግድ አይደለም። የጦር ጓደኛም ሊያስገባለት ይችላል። ስጦታው የአርባ ሦስት ሰው አስገብቷል።»

«ይህ ኑዛዜ እውነት ከሆነስ?»

በላቸው ወረቀቱን አየና ትከሻው ወረደ። «አርባ ሦስቱንም አግዳለሁ፤ ሌላ ምርጫ የለኝም። የምንይሉ ዓመት ደግሞ ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያልቃል። እሱ የሞጣ ሰው ነው፣ አንድ ዓይኑን ያጣ።»

አስናቀች ነጠላዋን አገልድማ ከጎረቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ሥርጉት አጠገቧ ተቀመጠች።

«እትዬ አስናቀች፣ ስጦታው አረቄ ይወድ ነበር?»

«ኧረ ወዲያ! ከቆሰለ ጀምሮ በአፉ አልዞረም። ከሚወስደው መድኃኒት ጋር አይሆንም ብሎ ሐኪም ከልክሎታል። እኔ ብሰጠው እንኳ ይደፋዋል።» እንባዋን ጠረገች። «እሱስ ሄደ። ልጆቼ ግን የውሸታም ልጆች ሊባሉ ነው? ክንዱን እኮ በዚህ እጄ አጥቤ ፋሻ የቀየርኩለት እኔ ነኝ!»

ምንይሉ በሩ ላይ ቆሟል። ሞጣ ላይ እህል ይነግዳል፤ እህል የሚነግድ ሰው ሱቅ ውስጥ የነቀዝ መድኃኒት አይጠፋም። ያን ጠዋት ከስጦታው ጋር ሲጯጯህ ደግሞ ሻይ ሻጯ ሰምታዋለች። ሰዉ ሁሉ ከአሁኑ በዓይኑ ፈርዶበታል።

«ምን አጣላችሁ?» አለችው ሥርጉት።

«የሐኪም ቦርዱን ወረቀት ይዤ በሌሊት ከሞጣ ተነሣሁ። የቀረኝ ሙሉ ማመልከቻው መጻፉ ብቻ ነው። እሱ ግን ‹ከምሳ በኋላ ና፣ እንግዳ አለብኝ፣ ብቻችንን መሆን አለብን› አለኝ። ቀኔ ሊያልፍ ነው ብዬ ጮኽሁ።»

«በዚህ ብቻ?»

ምንይሉ በአንድ ዓይኑ አስናቀችን አየ፤ ከዚያ መሬቱን። «ለአስናቀች መጀመሪያ ሽማግሌ የላክሁት እኔ ነኝ። እሷ እሱን መረጠች። እቀናለሁ፤ ሃያ ምናምን ዓመት ቀናሁ፣ ዛሬም ሞቶ እንኳ እንዲህ ሲለቀስለት ሳይ እቀናለሁ። ይኸው ነገርኩዎት። ግን እሱን ገድዬ የገዛ ቀኔን የምቀብር እብድ ነኝ?»

ሥርጉት ከበሩ ማዶ ጃንጥላ ሥር ወደተቀመጡት ሽማግሌ ተሻገረች። ጋሼ ሀብተ ሥላሴ በፍርድ ቤቱ ደጅ ማመልከቻ ሲጽፉ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ያቋረጡት በባድመ ጊዜ የሻለቃው ጸሐፊ ሆነው ሲዘምቱ ብቻ ነው። ግራ ጆሮአቸው አይሰማም። ስትጠጋቸው ቀኙን አዞሩላት።

«ስጦታውን ያውቁት ነበር፣ ጋሼ?»

«አውቀው ነበር ወይ? ጽሕፈት ያስተማርኩት እኔ ነኝ! ቀኝ እጁ ሲቆረጥ፣ ሆስፒታል አልጋው ላይ ግራ እጁን ይዤ ከሀ ጀምሮ። መልካችን እንጂ ጽሕፈታችን አይለይም።» ከንፈራቸውን አጣመሙ። «ንጽሕና ግን አልተማረም። ግራ እጁ የጻፈውን እየተከተለ ይጠርገዋል፣ ወረቀቱ በቀለም ይለቀለቃል። ከእኔ እጅ እንዲያ ያለ ቆሻሻ ወጥቶ አያውቅም።»

«ሰው ግን ወደ እሱ ነበር የሚሄደው።»

«ይጎርፋል እንጂ! እኔ ሦስት ገጽ አሳምሬ ስጽፍ የሚያየኝ የለም፤ እሱ በአንድ ለቅላቃ ገጽ ‹ስጦታው ይባረክ› ይባላል። በፊቴ ነው የሚባለው፣ በዚህ በጃንጥላዬ ፊት!»

«ዛሬ ጠዋት አግኝተውት ነበር?»

«ዓመት ሙሉ ተኳርፈን የኖርን ሰዎች ነን» አሉና ብዕራቸውን መወልወል ጀመሩ።

ሥርጉት ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል ተመልሳ መሳቢያውን ከፈተች። የማመልከቻ ቅጂዎች ናቸው። አርባ ሁለቱም በቀለም ተለቅልቀዋል፤ አንዱም ላይ ቀን አልተጻፈም። ደግማ ቆጠረች፤ አርባ ሁለት ናቸው። ስልኳን አውጥታ በላቸው ጋ ደወለች።

በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ላይ አራቱንም እዚያችው ክፍል ሰበሰበቻቸው። አስናቀች ጥቁር ለብሳለች። በላቸው ፋይሉን ታቅፏል። ምንይሉ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«መጀመሪያ የምንይሉን ጉዳይ እንጨርስ» አለች ሥርጉት። «ስጦታው የለም። ጋሼ፣ ይጻፉለት።»

ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ተቀመጡ። ሰው ሁሉ እየጠበቃቸው መጻፍ ከናፈቃቸው ቆይቷል። ብዕራቸውን ከፍተው ከቀኝ ጥግ ላይ ጀመሩ፤ «ጥቅምት 22 ቀን» ብለው በሚያምር ፊደል ጻፉ። ከዚያ ቁልቁል ወረዱ። ሲጨርሱ ወረቀቱን አንስተው ብርሃን ላይ አዩት፤ የቀለም ነጥብ እንኳ አልነካውም።

ሥርጉት ተቀብላ ከኑዛዜው ጎን አስቀመጠችው።

«አቶ በላቸው፣ የስጦታው ማመልከቻዎች ለምን ቀን የላቸውም?»

«አንድ ጊዜ እሱ የጻፈው ቀንና የእኔ ማኅተም ሳይገጥሙ ቀሩና መለስኩበት። ከዚያ ወዲህ ‹ቀኑን የምትሰጠው አንተ ነህ› ብሎ ጽፎበት አያውቅም።»

«ኑዛዜው ግን ቀን አለው። ይህ አንድ። ሁለተኛ፣ ስጦታው የጻፈው ሁሉ ይለቀለቃል፣ መዳፉም ሰማያዊ ይሆናል። ትናንት መዳፉን አየሁት፤ አንድ መስመር እንኳ የጻፈ እጅ አልነበረም። እጅ ጽሕፈቱን መምሰል የሚችል አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ያስተማረው። ያ ሰው ቀለሙን በእጁ ጎተት ቢያደርገው ኖሮ እኔም አምኜ እሄድ ነበር። ግን ቆሻሻ ወረቀት ከእጁ ማውጣት ሞቱ ነው። ሰው ሲገድል እንኳ አሳምሮ ጻፈ።»

ምንይሉ ተነሣ። ሥርጉት በእጇ አስቀመጠችው።

«ሦስተኛው አረቄው ነው። ከሚስቱ እጅ የማይቀበለውን ከማን ተቀበለ? እንግዳ ነበረበት፤ ብቻቸውን የሚሆኑት እንግዳ። ዓመት የተኳረፈ መምህር ‹እንታረቅ› ብሎ ብርጭቆ ሲዘረጋ፣ እምቢ ማለት ዕርቁን መግፋት ነው። ስጦታው ደግሞ ዕርቁን ይፈልገው ነበር። ለዚያ ነው የጠጣው፣ ጋሼ።»

ሀብተ ሥላሴ የብዕራቸውን ክዳን ገጠሙ፣ ፈቱ፣ መልሰው ገጠሙ።

«በእኔ እጅ የተሠራ ልጅ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ያ ሁሉ ምርቃት የእኔ ነበር። ቀናሁ። ስሙ ከነሥራው እንዲጠፋልኝ ፈለግሁ። ሌላ ምን ልበልሽ?»

አስናቀች ወደ እሳቸው ልትሄድ ተነሣች። ምንይሉ ክንዷን ይዞ አስቀራት፤ አልገፋችውም።

«አንድ ነገር ይቀራል» አለች ሥርጉት። «አቶ በላቸው አርባ ሦስት ብለዋል። መሳቢያው ውስጥ ያሉት አርባ ሁለት ናቸው። የአንዱን ቅጂ ስጦታው እዚህ አላስቀመጠም፤ ክፍሉ ለሰው ሁሉ ክፍት ነው፣ ባለጉዳዩም ኩሩ ሰው ነው፣ እንዲያፍር አልፈለገም። አቶ በላቸው፣ ያንብቡት።»

በላቸው ከፋይሉ በቀለም የተለቀለቀ ገጽ አወጣ። ማኅተሙ የአምናው ኅዳር 12 ነው።

«‹የሻለቃችን ጸሐፊ የነበሩት ሀብተ ሥላሴ ግራ ጆሮአቸውን በመድፍ ፍንዳታ አጥተዋል። ራሳቸው አይጠይቁም፤ ስለዚህ እኔ ጓደኛቸው ቀን አስይዤላቸዋለሁ። ማስረጃው እስኪሟላ ከአጠገባቸው የነበርኩት ምስክር እኔው ነኝ። ስጦታው።›»

በላቸው ወረቀቱን አጠፈ። «ዓመቱ ሊሞላ ሦስት ሳምንት ይቀረው ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «በሕይወት የቀረው ምስክር እሱ ብቻ ነበር።»

ውጭ የፖሊስ መኪና ቆመ። ሽማግሌው የጻፉት ማመልከቻ ለማስረጃ ሥርጉት እጅ ስለቀረ፣ አስናቀች ከባሏ መሳቢያ አንድ ነጭ ወረቀት ስባ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ስጦታው ሲጽፍ ስንት ዓመት አጠገቡ ተቀምጣለች፤ አጻጻፉን በቃሏ ታውቀዋለች። ቀን ሳትጽፍ የምንይሉን ስም ጻፈችና ቀጠለች። ምንይሉ የሐኪም ቦርዱን ወረቀት በሁለት እጁ ይዞ ጠበቃት።

ሽማግሌው ሁለት ፖሊሶች ብብታቸውን ይዘው ሲያስነሷቸው አልተቃወሙም። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ወደ በላቸው ዞረው የሚሰማውን ጆሮአቸውን አቀኑ።

«እባክህ» አሉ፣ «ከመጀመሪያው ጀምረህ ድገምልኝ።»