ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሰማሁት

እኔ የመንፈስ ወሬ ሲነሳ ስልኬን አውጥቼ መነካካት የምጀምር ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድማችሁ እወቁልኝ፣ አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ሰው ሲወለድም ሲሞትም እጄ ላይ ነው፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ደግሞ አንድም መንፈስ መጥቶ «እንደምን ዋልሽ» ብሎኝ አያውቅም፣ ዛር ያዘው ተብሎ የመጣልኝን ስንቱን ስኳሩን ለክቼ ወደ ደባርቅ ሆስፒታል ልኬዋለሁ። ስለዚህ ከጨረስኩ በኋላ የፈለጋችሁትን በሉ፣ ሰምቼዋለሁ ያልኩትን ግን ሰምቼዋለሁ።

የተወለድኩት ዳባት ነው፣ ደጋ ነው፣ እዚያ ውሃ ማለት ቀድተነው የምንመጣ ወይም በክረምት የሚያባርረን ነገር ነው፣ ውስጡ ገብቶ የሚጫወት ሰው ሳላይ ነው ያደግኩት። እናቴ ወንዝ ስንሻገር እጄን እስኪያመኝ ጨብጣ «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ፣ ጥልቁ ደግሞ ባለቤት አለው» ትለኝ ነበር። ጎንደር ኮሌጅ ሳለሁ ጓደኞቼ ጎርጎራ ወርደው ጣና ሲገቡ እኔ ዳር ተቀምጬ ልብሳቸውን እጠብቃለሁ፣ እና እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስከ ሠላሳ አራት ዓመቴ ውሃ ከጉልበቴ አልፎ አያውቅም።

ከዚያ ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች፣ ቆላው ውስጥ ወዳለ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። ጤና ጣቢያው ከወንዙ ወዲህ ነው፣ ከምናገለግላቸው ሰዎች ግማሹ ከወንዙ ማዶ ናቸው፣ ድልድይ የለም። በገባሁ በመጀመሪያው ክረምት፣ በነሐሴ፣ ይታይሽ የምትባል ሴት ምጧ ሁለተኛ ቀኑን ይዞ በቃሬዛ አመጧት፣ ወንዙ ሞልቶ ዛፍ እየነቀለ ይወርዳል፣ እነሱ ከማዶ ቆመው እኔ ከወዲህ ቆሜያለሁ፣ ከመቅረቡ የተነሳ የነጠላዋ ጥለት ይታየኛል። ባሏ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ፦

«ሲስተር! ዋና አትችይም?»

አልችልም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩለት፣ ሌላ ምን እላለሁ። በማግስቱ ውሃው ሲጎድል እናቲቱን አተረፍን፣ ልጁ ግን አልተረፈም። ያን ሳምንት ምግብ አልበላልሽ አለኝ፣ ሰውየው በቁጣ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፣ እሱ ግን የጠየቀኝ እንዲሁ ማወቅ እንደሚፈልግ ሰው ነበር።

ዋና የሚችል ሰው ሳፈላልግ ሁሉም አንድ ሰው ጠቆሙኝ፣ አያ እንየውን። በወጣትነታቸው ባሕር ኃይል ሆነው ምጽዋ ያገለገሉ፣ አሁን ማሽላ የሚያርሱ፣ ስልሳን ያለፉ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ቤታቸው ሄጄ ነገሩን ስነግራቸው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝና፣

«ጎርፍን በዋና የሚያልፍ የለም፣ ልጄ፣» አሉኝ። «የጎርፍ መድኃኒቱ ገመድ ነው።»

«ታዲያ ዋናው ምን ያደርግልኛል?»

«ገመድ የያዘ ሰው የሚሞተው ደንግጦ ገመዱን ሲለቅ ነው። ድንጋጤውን ላወጣልሽ እችል ይሆናል።» ከዚያ ወደ ጓዳ ዞረው ባለቤታቸውን ጠሩ፣ «ዘርፌ! አንቺም ትመጫለሽ፣ ሰው እንዳያወራባት።»

እንግዲህ እንዲህ ተጀመረ። ጥቅምት ነበር፣ ውሃው ጠርቷል፣ ወንዙ ከአንድ ትልቅ አለት ሥር ታጥፎ የሚሠራው ሰፊ ኩሬ አለ፣ የአገሩ ሰው ባሕሩ ይለዋል፣ መሃሉ ላይ ወለሉ አይታይም። ከሥራ በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሱሪና ረጅም ሸሚዝ ለብሼ እገባለሁ፣ እትዬ ዘርፌ አለቱ ላይ ተቀምጠው ጥጣቸውን ይፈትላሉ፣ አያ እንየው እስከ ደረታቸው ገብተው ይቆማሉ። የመጀመሪያው ሳምንት ፊቴን ውሃ ውስጥ መንከር ብቻ ነበር፣ አትሳቁብኝ፣ የምታምጥ ሴት አጠገብ ቆሜ «ተንፍሺ፣ አይዞሽ፣ ተንፍሺ» ስል የምውለው ሴትዮ የራሴን ትንፋሽ መያዝ አቃተኝ፣ ውሃ ፊቴን በነካኝ ቁጥር የእናቴ እጅ አንጓዬን የጨበጠኝ ይመስለኛል።

«አዋቂ ሰው ዋና የማይለምደው ክንዱ እምቢ ብሎት አይደለም፣» ይሉኝ ነበር አያ እንየው። «አንገቱን ነው የማይሰጥ። ሕፃን ጭንቅላቱን ለማንም ጥሎ ይተኛል፣ አዋቂ ግን ተኝቶም አንገቱን ይጠብቃል። እስቲ አንገትሽን ስጪኝ።»

በሁለተኛው ሳምንት ሰጠኋቸው። መዳፋቸውን ከማጅራቴ ሥር አድርገው በጀርባዬ አንጋለሉኝ፣ ሰማዩን አየሁ፣ ያን ጊዜ ነው ጆሮዬ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ውስጥ የገባው። ዋና የምትችሉ ታውቁታላችሁ፣ ጆሮ ሲጠልቅ የላዩ ዓለም ድምፅ ድርግም ይላል፣ ሌላ ድምፅ ይከፈታል። እኔ የሰማሁት ሩቅ ጉምጉምታ ነበር፣ ከግድግዳ ወዲያ ብዙ ሰው ተሰብስቦ የሚያወራ የሚመስል። ብድግ ስል የለም፣ ወፍና የወንዙ ፏፏታ ብቻ። ተመልሼ ስተኛ አለ። የደም ዝውውሬ ነው አልኩ፣ ወይ ከሥር የሚንከባለል ጠጠር ነው፣ ተምሬያለሁ እኮ፣ ምክንያት አላጣም። ለአያ እንየው ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ፣ ወደ ባለቤታቸው ዞረው «ከዚያ ጥጥ ስጫት» አሉ፣ እትዬ ዘርፌም ከሚፈትሉት ቆንጥረው ሰጡኝና ጆሮዬን ደፍኜ መማር ቀጠልኩ። አያ እንየው ራሳቸው አንድም ቀን ጆሯቸው ውሃ ሲነካው አላየሁም፣ ሁልጊዜ አንገታቸውን አቅንተው ነው የሚዋኙት፣ ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። ኅዳር ገብቷል፣ ብቻዬን መንሳፈፍ ችያለሁ፣ ከዳር እስከ ዳርም በእጄ እየቀዘፍኩ ትንሽ ትንሽ እሄዳለሁ። የዚያን ቀን ጥጡን አንዱ ጆሮዬ ላይ ሳደርግ ሌላው ወድቆብኝ ውሃ ወሰደው፣ «ተዪው ግድ የለም» ብዬ ለራሴ ሁለተኛውንም አውጥቼ ጣልኩትና ተንጋለልኩ። ጉም ከገደሉ ሥር ሲመጣ አይቼው ነበር፣ በእኛ አገር ጉም እንግዳ አይደለም፣ ግን ቆላው ድረስ፣ በዚያ ወር፣ በዘጠኝ ሰዓት ሲወርድ አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ አለቱ ጠፋ፣ ከዚያ እትዬ ዘርፌ፣ ከዚያ የራሴ እግር።

ከሥሬ ከበሮ ተመታ።

በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ ብሎ፣ በማኅሌት ላይ እንደሚጀመረው፣ አንድ፣ ቆይቶ ደግሞ አንድ፣ ድምፁን በጆሮዬ ብቻ አይደለም የሰማሁት፣ እመኑኝ፣ በጀርባ አጥንቴ ነው፣ ውሃው ራሱ ያነሳኝና ያወርደኝ ነበር። ከዚያ ጸናጽሉ፣ ከዚያ የወንዶች ድምፅ፣ ብዙ፣ እጅግ ብዙ፣ ዜማው ግዕዝ ነው ግን ቃሉ አይያዝልኝም፣ ከዚያ እልልታ። ጭንቅላቴን አነሳሁ፣ ጸጥ፣ ጉም ብቻ። ከላይ ካለው ደብር በሞንታርቦ የሚመጣ ድምፅ ይሆን ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ፣ ምንም። መልሼ ጆሮዬን ነከርኩ፣ ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ሰው ከሥሬ ቆሞ ይዘምራል። መፍራት ነበረብኝ፣ ከኩሬው መሃል ላይ ነኝ፣ ከጀርባዬ በታች ወለል የሌለው ጨለማ ነው። እኔ ግን እንባዬ ይወርዳል፣ ያንን ድምፅ እንዴት አድርጌ እንደምነግራችሁ አላውቅም፣ ከዚያ በፊት የሰማሁት መዝሙር ሁሉ ለካ የዚህ የገደል ማሚቶው ነበር አሰኘኝ።

ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ድምፅ፣ የሽማግሌ ድምፅ፣ ሳይቸኩል ስም መጥራት ጀመረ። ካህናት በጸሎት ላይ እንደሚጠሩት፣ የክርስትና ስም ብቻ፣ ወለተ ኪዳን፣ ኃይለ ሚካኤል፣ ወልደ ሰንበት እያለ፣ በየስሙ መካከል መልስ የሚጠብቅ ይመስል ጥቂት እያረፈ። ከዚያ የእኔን ጠራ።

የክርስትና ስሜን እናቴ፣ የክርስትና እናቴና ያጠመቁኝ ቄስ ናቸው የሚያውቁት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ አርፈዋል፣ እናቴ ደግሞ ሰው መተት እንዳያደርግብኝ ብላ ለአክስቶቼ እንኳ አልተናገረችም። በዚህ ነገር ሁልጊዜ እስቅባት ነበር። ስሙን ግን እዚህም አልጽፍላችሁም፣ ይቅርታ።

እኔም ሳላስበው፣ አፌ ውስጥ ውሃ እየገባ፣ «አቤት» አልኩ።

ከዚያ በኋላ የማውቀው እግሬ አሸዋ መንካቱን ነው። ጉሙ ተገፎ ነበር። ቆሜ ሳይ ከማዶ ነኝ፣ ያን ኩሬ መሃል ለመሃል አቋርጬዋለሁ፣ ከወዲያ አያ እንየው እስከ አገጫቸው ገብተው በእጃቸው ውሃውን እየዳበሱ ስሜን ይጠራሉ፣ ያ ዝምተኛ ሰው እንደ ሴት ያለቅሳሉ። እትዬ ዘርፌ ዞረው ከድንጋዩ መሻገሪያ በኩል እየሮጡ መጥተው ነጠላቸውን ጣሉብኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን በደልንሽ! ስንጠራሽ፣ ስንጠራሽ! ምነው ወይ አትይንም?»

«ዛሬ የማን በዓል ነው፣ እትዬ ዘርፌ? የት ነው ማኅሌት የቆሙት?»

«በዓልም የለ፣ ማኅሌትም የለ። በዚህ ሰዓት ማን ማኅሌት ይቆማል?»

አያ እንየው ልብሳቸው ውሃ እያንጠባጠበ ደረሱና አጠገቤ ተቀመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያዩ፣ «ስም ጠሩ?» አሉኝ።

የሰማኋቸውን ነገርኳቸው፣ የእኔን ሳልጨምር። ወልደ ሰንበት ስል እትዬ ዘርፌ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፣ ባለቤታቸውን አዩ፣ ከዚያ ተነስተው የሚፈትሉትን ሊሰበስቡ ሄዱ፣ የማን ስም እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አያ እንየው ግን አልደነገጡም፣ ውሃውን አዩት።

«ምጽዋ ሳለሁ፣» አሉ፣ «ቀትር ላይ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር እንዋኝ ነበር። እኔ ከበሮውን ብቻ ሰማሁ። እሱ ግን ‹ስሜን ጠሩኝ› አለ።»

«ሞተ?»

«አልሞተም። አርጅቶ፣ ልጅ ድሮ፣ በአልጋው ላይ ነው ያረፈ። ብቻ ከዚያን ቀን በኋላ ፈርቶ አያውቅም። ተኩስ ሲከፈት ሁላችን መሬት ላይ ስንተኛ እሱ ይቆማል። ጀግና ይሉታል፣ እኔ ግን ዓይኑን ማየት እፈራ ነበር። ሰው ነዋ፣ ሰው እንዴት ጨርሶ አይፈራም?» ከዚያ ዞረው አዩኝ። «አንቺንስ ጠሩሽ?»

«አይ፣» አልኩ። ለምን እንደዋሸሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ዳባት ደውዬ እናቴን የክርስትና ስሜን የሚያውቅ ሌላ ሰው እንዳለ ጠየቅኳት። እሷ ግን መልሳ ጠየቀችኝ።

«ማን ጠራሽ?»

«ማንም፣ እማዬ፣ እንዲያው ነው።»

«በማርያም ብዬሻለሁ። አቤት አልሽ?»

«ኧረ ምን ሆነሻል እማዬ፣» ብዬ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም፣ ዳባት ስሄድ አሁንም ድረስ እንቅልፍ የወሰደኝ ሲመስላት ከአልጋዬ አጠገብ ቆማ ትመለከተኛለች።

አያ እንየው ከዚያ ወዲህ ውሃ አልገቡም፣ ደህና ናቸው፣ ዘንድሮም አርሰዋል። በተከታዩ ሐምሌ ወንዙ ሞላ፣ መንታ ሊሆን ይችላል የተባለላት አንዲት ሴት ከማዶ ምጥ ያዛት፣ ሰዎቹ ወንዙን አሻግረው ገመድ ከዛፍ ወደ ዛፍ ወጠሩ፣ የሌላ ገመድ ጫፍ ደግሞ ወገቤ ላይ አሰሩልኝ፣ ዕቃዬን በፕላስቲክ ጠቅልዬ አናቴ ላይ አድርጌ ገባሁ። መሃል ላይ አንድ ግንድ መጥቶ መታኝና ሁለት ሦስት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ጠለቅኩ፣ የሰማሁት የድንጋይ መንከባለልና የጎርፉን ጩኸት ብቻ ነው፣ ገመዱን አልለቀቅኩም፣ ልቤ እንኳ በፍጥነት አልመታም። ተሻገርኩ፣ መንታ ነበሩ፣ ሁለቱም አለቀሱ፣ እናታቸውም ደህና ናት፣ በዚያ ወንዝ ዳር እንደዚያን ቀን ያለ እልልታ አልተሰማም ይላሉ።

እጄን ስታጠብ ገመዱን ይዘው ከነበሩት አንዱ፣ ከዚያ በፊት አይቻቸው የማላውቅ ሽማግሌ፣ ውሃ እያፈሰሱልኝ ጥቂት አመነቱና፣

«ሲስተር፣ አይቆጡኝ፣» አሉ። «እዚያ መሃል ላይ ሳሉ ማንን ነበር የሚያነጋግሩት?»

«እኔ? ኧረ ማንንም አላነጋገርኩም፣ አባቴ።»

«ሁላችንም አየንዎ እኮ። ጥቂት ያዳምጣሉ፣ ከዚያ ይመልሳሉ። ደግሞ ያዳምጣሉ።» ማሰሮውን መሬት አስቀመጡት። «መጨረሻ ላይማ ራስዎን በእሺታ ነቀነቁ።»

ምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም።