በዘመድ አይቀጠርም

ባጃጁ ሶዶ መናኸሪያ በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። ሰውዬው ዘሎ ገባ። ከኋላ ቀድሞ የተቀመጠው ጎልማሳ ዓይኑን ከጋዜጣው ላይ አላነሳም።

«ሻንቶ ዛሬ ገበያ ነው?»

«ትናንት ነበር።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። ሰውዬው ፍላሹን በጋዜጣው እጥፋት ውስጥ ሸጎጠው።

«ስንት ናቸው፣ ሰፌድ?»

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ዋሸ።

ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ነበሩ።

ሰፌድ የምስጢር ስሙ ነው። ሶዶ ግን «በእምነት» ብላ ነው የምታውቀው፤ የ«ለምለም ሁምቦ እርሻ ልማት»ን የቅጥር ድረ ገጽ የሚሠራ ባለሙያ። እርሻ የሚባል ነገር የለም። ሁምቦ ላይ በስሙ አንዲት የበቆሎ አገዳ አልበቀለችም። ያለው ድረ ገጹ ብቻ ነው። ባለ ጋዜጣው ጎልማሳ ደገፉ ይባላል፤ አለቃው ነው፤ በገጹ ላይ ደግሞ «የሰው ኃይል ኃላፊ»።

የስለላ መሥሪያ ቤታቸው የሚያሳድደው አንድ ሰው ነበር። የተወሰደ የገበሬ መሬት ካርታ ከቢሮ አውጥቶ ውጭ አገር ላለ ጋዜጣ የላከ ቀያሽ። ስሙ አይታወቅም። የሚታወቀው የሰሜን ምልክት የሚሆነውን ቀስት በእንሰት ቅጠል ቅርጽ መንደፉ ነው። ስለዚህ ገጹ ቀያሽ ፈለገ፤ «በእጅዎ የነደፉትን አንድ ካርታ ያያይዙ» ሲልም ጠየቀ።

መጀመሪያ ዝንብ እንኳ አላረፈበትም። በእምነት ሥራውን ያውቃልና ገጹን አፍርሶ ሠራው። የሚያብረቀርቁትን የትራክተር ፎቶዎች አወጣ፤ በሶዶ ኔትወርክ ገጹን የሚያንቀራፍፉት እነሱ ነበሩ። አሥራ ስምንቱን ጥያቄ ወደ አምስት አወረደው። «ደሞዝ በስምምነት» የሚለውን ሰርዞ ቁርጡን ጻፈ። ለጻፈ ሁሉ በሦስት ቀን መልስ አለው። ቅሬታ ላለው የኃላፊው ስልክ ተቀመጠ። ከሁሉም በላይ፣ በትልልቁ፦ «እዚህ ቤት በዘመድ አይቀጠርም።»

ይቺን ያነበበ ሁሉ ተመመ። ሳሩን እንጂ ገደሉን ማን አየ?

የሚገርመው፣ የአብዛኞቹ ኢሜይል አንድ ነበር። የአንዲት ፈጠነች የምትባል ሴት።

በእምነት ከተከራየበት ክፍል ሥር ኢንተርኔት ቤት አላት። ሰፈሩ ኢሜይል የለውም፤ ፈጠነች አለችለት። ቅጹን ትሞላለች፣ በራሷ አድራሻ ትልካለች፣ መልስ ሲመጣ ቤት ድረስ ሄዳ ታበስራለች። በእምነትን «ታ ኢሻው» ነው የምትለው፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። የቦዬ ሥር የቀቀለች ዕለት ሳታካፍለው አትበላም። በአራት ወር ውስጥ በልቡም እህት ሆናበታለች፤ ይህ ደግሞ ለእሱ ዓይነት ሰው ክልክል ነው።

ሁለት መቶ አሥራ ሦስተኛው ማመልከቻ የታናሽ ወንድሟ የቶማ ነበር። ካርታው ጥግ ላይ አንዲት የእንሰት ቅጠል ወደ ሰሜን ታመለክታለች።

በእምነት ማመልከቻውን ደመሰሰ። «አልተመረጡም» የሚል መልስም ላከ። ታዝናለች፤ ወደ እኔ ትመጣለች፤ አጽናናታለሁ፤ ያበቃል ብሎ ነበር።

አልመጣችም።

በባጃጁ ማግስት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩ ተንኳኳ። ደገፉ ነው።

«በቅሬታ ስልኩ አንዲት ሴትዮ ደወለችልኝ። የወንድሜ ማመልከቻ ያለ አግባብ ወደቀ አለች። ፍላሹ ላይ ፈለግሁት። የለም።»

ደገፉ በሩን ከኋላው ዘጋ።

«ድጋሚ ላኪልኝ አልኳት። ላከች። ቅጠሏንም አየኋት።»

የፈሩት ይደርሳል።

«ነገ ሦስት ሰዓት ለፈተና ይምጣ። ጥሪውን አንተ ጻፍ፤ እጅህ ይግባበት።»

«ባልጽፍስ?»

«መኪናው ሦስት ሰው ይጭናል። እሱን፣ እሷን፣ አንተን። ከጻፍክ አንድ ብቻ።»

በክፍሉ አንድ በር ነው ያለው። ደገፉ ቆሞበታል።

ጻፈ።

አብረው ወረዱ። ፈጠነች ጥሪውን አንብባ እልልታዋን አቅልጣዋለች።

«ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?» አላት በእምነት።

«አንተማ ዘመድ ነህ! ገጹ በዘመድ አይቀጠርም ይላል። ላንተ ብነግር ቶማ በዘመድ ገባ ይባላል። በደንቡ ሄድኩ።» «በስልክ ያናገርሽኝ እኔ ነኝ» ወዳላት ወደ ደገፉ ዞረች። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። እውነተኛ ቤት ነው የእናንተ።»

«ሩጡ» የምትል አንዲት ቃል ምላሱ ላይ ነበረች። የደገፉ እጅ ትከሻው ላይ አረፈ።

ዋጣት።

በማግስቱ ቶማ የተዋሰውን ኮት ለብሶ፣ ካርታውን ጠቅልሎ መጣ። ነጭ መኪና ቆሞ ይጠብቀዋል። «ፈተናው መስክ ላይ ነው» አሉት። ለእህቱ እጁን አውለበለበና ገባ። ፈጠነችም መኪናው በሁምቦ መንገድ እስኪሰወር ድረስ እጇን አላወረደችም።

በዘጠነኛው ቀን በእምነት ሌላ ከተማ ነበር። አሁን ስሙ ቦጋለ ነው። ስለ ደመሰሳት ማመልከቻ የተጻፈችው የክስ ወረቀት በደገፉ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፋለች፤ ከእንግዲህ እምቢ ማለት የለም። አዲስ ድርጅት፣ አዲስ ገጽ ጀምር ተብሏል። ትእዛዙ «አሮጌውን ዛሬ ደምስስ» ይላል።

ከመደምሰሱ በፊት የመልእክት ሳጥኑን ከፈተ። አንድ ብቻ አለ፤ ትናንት የተላከ።

«ለለምለም ሁምቦ። ቶማ ሥራ ከገባ ስምንት ቀን ሆነ። ስልኩ አይሠራም፤ እዛ ኔትወርክ የለም መሰለኝ። ሙቀት አይችልም፤ ስስ ሸሚዝ ገዝቼለታለሁ። በማን ልላክ?»

ከሥሩ ማሽኑ ራሱ የመለሰው አለ፤ የበእምነት የእጁ ሥራ ነው። «መልእክትዎ ደርሶናል። በሦስት ቀን ውስጥ መልስ ይደርስዎታል።»

ከዚያ ሥር የእሷ።

«እሺ። እጠብቃለሁ።»

እንባው መጣ። ከሦስቱ ቀን ገና አንዱ ነበር ያለፈው።

ደመሰሰው።