ቀትር ላይ የምትናገረው ሬዲዮ

የቀበሌው ሊቀመንበር ሸሪፍ ሲገደል ሸዋ ሮቢት ውስጥ ከሚስቱ ከዘይቱና በቀር ያለቀሰ አልነበረም፤ እሷም ብትሆን ብዙ አልቆየችበትም። ሬሳው የተገኘው ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ እንደተደፋ ነው። አንገቱ ላይ የአንቴና ሽቦ ተጠምጥሟል። ፊት ለፊቱ ከትምህርት ቤት ነጥቆ የወሰዳት፣ ተማሪዎች የገጣጠሟት ሬዲዮ ሆዷ ተከፍቶ ተቀምጣለች።

በዚያው ቀን ሬዲዮዋን ሊጠግን የሽቦውን ጥቅልል ይዞ የመጣው የፊዚክስ መምህሩ አብዱልሀኪም ስለነበር የቀበሌው ጠባቂዎች ጊዜ ሳያጠፉ አሰሩት። በማግስቱ ወደ ማታ እስረኛ የሚጭነው የደብረ ብርሃን መኪና መጥቶ ይወስደዋል። በዚያ መኪና ተወስዶ የተመለሰ ሰው የለም።

መርማሪው ሃምሳ አለቃ አሊዪ በዚህ ጥድፊያ ደሙ ፈላ። ጠዋት ሬዲዮዋን ቢከፍታት ጭጭ አለች።

«እትዬ ዘይቱና፣ ይቺ ምን ሆና ነው?»

«እኔ እንጃላት! ቀትር ላይ ስትለፈልፍ ትውላለች፤ ሲበርድ ወላሂ ትንፍሽ አትልም። መምህሩ ሲነካካት ትሠራለች፤ በማግስቱ ያው ናት።»

«ትናንት ከመምህሩ በኋላ ማን ገባ?»

«እኔ ገበያ ነበርኩ። ጋሼ ከቢርን ይጠይቋቸው፤ ከበረንዳው አይነሡም።»

ከቢር በሸሪፍ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚውል ሸምገል ያለ ልብስ ሰፊ ነው። የጠባቂዎቹን ካኪ እየቆረጠ ነበር።

«ከመምህሩ በኋላ ዝንብ አልገባም» አለ ቀና ሳይል።

«ልጅ አለዎት ጋሼ?»

«ነበረኝ። አደም ይባላል። በቀይ ሽብር ጊዜ ሸሪፍ ወሰደው። ሸሪፍ ያልወሰደበት ማን አለ ደግሞ?»

መቀሱ ካኪውን ያዝ አድርጎ ክሩን ጎተተው። አሊዪ መቀሱን ልብ ብሎ አየው።

ወደ ሬዲዮዋ ተመለሰ። ባትሪው አዲስ ነው። ድምፅ ማጉያውን ለብቻው ቢሞክረው ኮሽ አለ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ቢጎትታቸው ጠበቅ ብለዋል። ቢቸግረው ፀሐይ ላይ አወጣት። የሮቢት ፀሐይ ይታወቃል፤ ብዙም ሳትቆይ ሬዲዮዋ መናገር ጀመረች። አሊዪ ባትሪውን አውጥቶ ከሥሩ ያለውን ስፕሪንግ በጥፍሩ ፋቀው። ያገኘውን ሲያይ ምነው ባልነካኋት ብሎ ተመኘ።

ከሰዓት በኋላ ዘይቱናን፣ ከቢርንና መምህሩን በረንዳው ላይ ሰበሰባቸው። መምህሩ እጁ እንደታሰረ ነበር።

«ይቺ ሬዲዮ ጤነኛ ናት» አለ አሊዪ። «ስፕሪንጉ ሰም ተቀብቷል። ሲበርድ ሰሙ ይጠነክርና ከባትሪው ይለየዋል፤ ሲሞቅ ይለሰልስና ያገናኘዋል። ሰሙ ውስጥ የካኪ ብናኝ አለ። እዚህ ግቢ ክር በሰም የሚያሸው ማን ነው?»

«ሰም ሰው አይገድልም» አለ ከቢር።

«ሽቦ ግን ይገድላል። መምህሩ ሽቦ የሚቆርጠው በጉጠት ነው፤ ጉጠት ጫፉን ይጨፈልቀዋል። ያ አንገት ላይ የነበረው በመቀስ የተቆረጠ ነው። የእርስዎ መቀስ ደግሞ ስለቱ ተሰብሮ ጨርቅ እየጎተተ ነው። ልብስ ሰፊ በመቀሱ ሽቦ የሚቆርጠው ምን ቢጠናበት ነው ጋሼ? ሰሙንም እየደጋገሙ የቀቡት መምህሩ እዚህ ቤት እንዲመላለስና ደሙ እሱ ላይ እንዲቀር ነው።»

ከቢር መቀሱን አስቀመጠ።

«አደምን የወሰደው ሸሪፍ ነው፤ የጠቆመው ይሄ ነው» አለ ወደ መምህሩ እያሳየ። «በአንድ ሽቦ ሁለቱን ልጨርስ ነበር። አላህ ይይልህ ሃምሳ አለቃ!»

አሊዪ ወደ መምህሩ ዞረ። «አንተስ? ሬዲዮ እያስተማርክ ሰሙን ሳታየው ቀረህ?»

«መጀመሪያ ቀን ነው ያየሁት» አለ አብዱልሀኪም። «ክፍል ውስጥ ሬዲዮ በሰም ዝም እያሰኘ የሚያስቀን አደም ነበር። ይህን ለአባቱ ሊያሳይ የሚችል እሱ ብቻ ነው። ለሸሪፍ ብናገር ጋሼ ከቢርንም ይወስዳቸዋል፤ ስለዚህ እየጠረግኩ ዝም አልኩ። ትናንት ግን ሸሪፍ ሲያጣድፈኝ ጥቅልሉን ትቼ ሳልጠርገው ወጣሁ። ሲያስሩኝም አደምን ስለጠቆምኩ ይገባኛል አልኩ።»

ከቢር ተነስቶ መምህሩ አጠገብ ቆመ።

«ዝም ያልከው ይቅር እንድልህ ነው?»

መምህሩ የታሰረ እጁን ወደ ከቢር ዘረጋ።

«አልልህም! ሞተህ አትገላገልም። ልጄን በጠቆምክበት አፍህ እየበላህ ኑር።»

አሊዪ የመምህሩን ገመድ ፈትቶ ያንኑ ገመድ በከቢር እጅ ላይ አሰረው። መኪናው ሲመጣ ከቢር ማንም ሳይገፋው ወጣ። መምህሩ ነፃ ነህ፣ ሂድ ቢባልም ከበረንዳው መውረድ አቃተው።