ማርሹ ዜሮ ላይ ነበር

ከፈረንሳይ ሰፈር ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ፣ ከአናቱ በታች ባለው የመጀመሪያ ኩርባ ላይ፣ አንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር ከአስፋልቱ ወጥታ በባሕር ዛፎቹ መሃል አፍንጫዋን ደፍታለች። ቅዳሜ ሐምሌ አሥራ ሁለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ባለቤቷ ሚልኬሳ ሂርጳ ቀበቶውን እንዳሰረ መሪው ላይ ተደፍቶ ሞቷል። የተሰበሰበው ሰው ግን ለሬሳ እንኳ ድምፁን አልቀነሰም።

«ቤንዚን ሊቆጥብ ነፍሱን አባከነ!» አለ አንዱ። ተሳቀ። ወይ ጉድ! ሰው በሰው ሬሳ ላይ የሚስቅበት ዘመን ላይ ደረስን።

ኢንስፔክተር ሐቢባ ጀይላን አልሳቀችም። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዳ ሰው ስለነበር፣ ከሬሳው ቀጥላ ያየችው ማርሹን ነው። ዜሮ ላይ ነበር። ሞተሩም በቁልፍ ጠፍቷል። ከሟቹ እግር ሥር ደም የነካው የጎማ መፍቻ ወድቋል፤ ከወንበሩ ጎን ደግሞ ሰማያዊ ደብተር ተወሽቋል። ደብተሩን አንስታ ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሳጅን ሲሞን። «ሰውየው ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ በዜሮ ማርሽ ነው ቁልቁለት የሚወርደው፤ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ሞተር ሲጠፋ ፍሬን ይደርቃል። መኪናዋ ስትወድቅ ብረቱ ተወርውሮ ጭንቅላቱን መታው። ፍሬኑን ሐሙስ ዕለት የሠራው ግሩም የሚባል መካኒክ ነው፤ እንዲያዝ አዝዣለሁ።»

«ሞተር እንደጠፋ ፍሬን ወዲያው አይደርቅም። ሁለት ሦስት ርግጫ ይይዝልሃል። አስፋልቱ ላይ የፍሬን ምልክት አየህ?»

«አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም» አለችና ወደ ከተማ ቁልቁል ተመለከተች።

ስለ ሚልኬሳ እውነቱን ልናገር፤ ሟች ነው ብዬ አላድበሰብስም። ነዳጅ ከተወደደና የማደያው ሰልፍ ከረዘመ ወዲህ ሰውየው ለይቶለት ነበር። ነፋስ ይይዛል ብሎ የጣሪያዋን ዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላ ነቀለ። የመጨረሻዎቹን ወንበሮች አወረደ። ጎማዎቿን በየሳምንቱ ያስነፋል። ቅዳሜ ጠዋት ሁሉ ደግሞ እንጦጦ ወጥቶ ይወርዳል፤ ለመናፈስ እንዳይመስላችሁ፣ በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ለመለካት ነው። አናቱ ላይ ቆሞ ሞተሩን ያበርዳል፣ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ይወርዳል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ!

ከሰዓት በኋላ ሟቹ በሚኖርበት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሐቢባን የተቀበላት ከለቅሶው ይልቅ ጠብ ነው። ድንኳኑ ገና እየተተከለ ሳለ የግሩም ጋራዥ በድንጋይ መሰባበሩ ተሰምቷል። የሟቹ ሚስት ጵርስቅላ ዓይኗ አብጦ በሩ ላይ ቆመች።

«ገዳዩን ይዛችኋል። እኛን ለምን ያደርቁናል?»

«ገዳዩን መያዛችንን እስካውቅ ድረስ ነው። ከባለቤትዎ ጋር ተስማምታችሁ ትኖሩ ነበር?»

«ከመኪናው ጋር ነበር የሚኖረው!» አለች። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ሐቢባ ንፋስ ልትቀበል ወደ በረንዳው ወጣችና እግሯ ከብረት ጋር ተጋጨ። ትርፍ ጎማ፣ ክሪክና የጎማ መፍቻ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ክብደት ነው» አለች ጵርስቅላ በምሬት። «ከሦስት ሳምንት በፊት ከመኪናው አወረደው። 'ጎማ ቢፈነዳብህስ?' ስለው 'ጸልዪልኝ' አለኝ። ልብስ ላሰጣ ስወጣ ሁልጊዜ እግሬን ይመታኛል።»

ጎረቤታቸው አቶ ጉደታ በየቀኑ ከሚልኬሳ ጋር ወደ ቢሮ የሚሄድ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። ሐቢባ ጥያቄዋን ሳትጨርስ መለሰ።

«እጠላው ነበር፤ አልደብቅም። የምሳ ዕቃዬን አንስቶ 'ቅባቱን ቀንስ' ይለኛል፤ ለጤናዬ እንዳይመስልዎት፣ ለክብደቱ! ሰሞኑን ደግሞ ቁልቁለት በወረድን ቁጥር ሞተሩ እየጮኸ ጆሮዬን ያደነቁረኝ ነበር። ግን የሚስቱን ወንድም እንዳደረገው አላደረገኝም።»

«ምን አደረገው?»

«ዮፍታሔን ነዋ! ሁለት ዓመት አብሮን ሲመላለስ ከርሞ፣ ከአምስት ሳምንት በፊት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ምእመኑ ሁሉ እየሰማ 'ዘጠና አራት ኪሎ ነህ፤ ከነገ ጀምሮ በታክሲ ሂድ' አለው። ከአባዶ በታክሲ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። በሰልፍ ምክንያት እያረፈደ ከሥራው ተባረረ።»

ዮፍታሔ ድንኳኑ ውስጥ ከሁሉም በላይ ይጮሃል። ግዙፍ ነው፤ ድምፁም እንደዚያው።

«ያንን መካኒክ ስቀሉት!» አለ ሐቢባን ሲያያት። «እኔን ምን ይጠይቁኛል?»

«ከሟቹ ጋር ተኳርፋችሁ ነበር?»

«ተኳርፈን ነበር። ቢሆንም የእህቴ ባል ነው፤ ስንት ጊዜ መከርኩት! 'ሞተር አጥፍተህ በዜሮ አትውረድ' ብዬ ለመንኩት። እስከ መጨረሻው አልሰማም። ያ የጎማ መፍቻም ከወንበሩ ሥር እየተንኳኳ እረፍት ይነሳን ነበር። አንድ ቀን ይፈነክትሃል ብዬው ነበር፤ ፈነከተው።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ታክሲ ሰልፍ ላይ። የአባዶ ሰው ሌላ የት ይኖራል?»

በማረፊያ ክፍሉ ውስጥ መካኒኩ ግሩም ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። የሠላሳ ዓመት ወጣት ነው። ሚስቱ ከወለደች ዘጠኝ ቀኗ ነው፤ ልጁን ግን የሚያበላበት ጋራዥ ከዛሬ ጀምሮ የለም። ሰኞ ሰው በመግደል ተጠርጥሮ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተሃል አሉ።»

«ሌባ ብሎኛል፤ ከወር በፊት ነው። 'ይህቺ መኪና ብታረጅም ነዳጇን ራሷ የምትመጥን ኢንጀክሽን ናት፤ ማርሽ ውስጥ ሆና እግርህን ከነዳጁ ካነሳህ ቁልቁለት ላይ ምንም አትጠጣም። አጥፍተህ ብትወርድ የምታተርፈው የለም፣ ፍሬን ግን ታጣለህ' አልኩት። 'ነዳጄን ልታስጨርሰኝ ነው' ብሎ ሰድቦኝ ወጣ። ሐሙስ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ፍሬኑን ሊያሠራ መጣ።» ግሩም ቀና አለ። «ፍሬኑን በደንብ ነው የሠራሁት፣ እትዬ። በልጄ እምላለሁ።»

«በልጅህ አትማል። እስከ ነገ ታገስ» አለችው።

እሁድ ከሰዓት፣ የተጨማደደችው ላንድክሩዘር ባለችበት በፖሊስ ጣቢያው ግቢ፣ አራቱም ቆሙ። ካፊያ ነበር። ጵርስቅላ ግሩምን ስታይ ፊቷን አዞረች። ዮፍታሔ ምራቁን ጢቅ አለበት። ጉደታ ሰዓቱን አሥር ጊዜ ያያል።

«መጀመሪያ ፍሬኑ» አለች ሐቢባ። «ባለሙያ ፈትሾታል። ደህና ነው። ማንም አልረገጠውም፤ ምክንያቱም ሹፌሩ መኪናዋ ከመንቀሳቀሷ በፊት ተመትቷል።»

ጵርስቅላ «ኢየሱስ!» አለች።

ሐቢባ ከሳጅኑ እጅ ደም የነካውን የጎማ መፍቻ ተቀብላ ለግሩም ሰጠችው። «የኋላውን ጎማ ቡሎን ፍታልኝ።»

ግሩም ሞከረ። «አይገባም። ይሄ የትንሽ መኪና ነው።»

«የዚህች መኪና መፍቻ በረንዳ ላይ ነው። ሦስት ሳምንት ሆነው። ስለዚህ ይሄኛው በሰው እጅ የመጣ ነው፤ ያመጣው ሰው ደግሞ መኪናዋ ውስጥ መፍቻ ቢገኝ ማንም አይገረምም ብሎ ያስባል። ወይዘሮ ጵርስቅላ አይደሉም፤ እግራቸውን የሚመታቸውን ብረት አይረሱትም።»

«እኔም አይደለሁም!» አለ ጉደታ።

«አይደሉም። ወደ ማርሹ እንምጣ። ገዳዩ ሚልኬሳን መትቶ፣ ቀበቶ አስሮ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀው። 'እንደ ልማዱ ሲወርድ ሞተ' እንዲባል። ነገር ግን ሚልኬሳ ያንን ልማድ ትቶታል።» ሰማያዊውን ደብተር ከፈተች። «ሰኔ ሃያ አንድ። 'ያ ልጅ እውነቱን ነው። በማርሽ ወረድኩ፤ ምንም አልጠጣችም። ሌባ ማለት አልነበረብኝም።' ከዚያ ቀን ጀምሮ በማርሽ ነው የወረደው። አቶ ጉደታ፣ ቁልቁለት ላይ የሚጮኸው ሞተር ምን ነበር?»

«እሱ ነበራ!» አለ ጉደታ አፉ ተከፍቶ። «ሞተሩ ጠፍቶ ቢሆን መቼ ይጮህ ነበር!»

«ግሩም መካኒክ ነው፤ የትንሽ መኪና መፍቻ እዚህች መኪና ውስጥ ጥሎ አይሄድም። አቶ ጉደታ በየቀኑ አብረውት ይወርዳሉ። ወይዘሮ ጵርስቅላ ዕቃው ሲወርድ አይተዋል። ከእናንተ መካከል አንድ ሰው ብቻ ነው ላለፉት አምስት ሳምንታት እዚህች መኪና ውስጥ ያልገባው። ለእሱ መፍቻው አሁንም ከወንበሩ ሥር ይንኳኳል፤ ሚልኬሳም አሁንም በዜሮ ይወርዳል።»

ሁሉም ዞረው ዮፍታሔን አዩት።

«ወሬ ነው!» ጮኸ። «ሰልፍ ላይ ነበርኩ ብያለሁ!»

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» አለች ሐቢባ፤ አንቱታውንም እዚያው ላይ ተወችው። «ከጎረቤትህ ከአስካለች ዓርብ ዕለት የቪትዟን የጎማ መፍቻ ተውሰህ አልመለስክላትም። ይሄ የእሷ ነው፤ ዛሬ ጠዋት አይታ ለየችው።»

የዮፍታሔ ድምፅ ወረደ። ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ።

«አዋረደኝ» አለ በመጨረሻ። «እንደ ጤፍ ኩንታል ሰው ፊት መዘነኝ። ሥራዬን አጣሁ። እሱ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተሩን ይዞ እንጦጦ ይዝናናል! ያደረሰብኝን ልነግረው ነበር የወጣሁት... ሲያየኝ ግን ደብተሩን ወደ እኔ ዘርግቶ ሳቀ። ሳቀብኝ! ኪሎዬን ሊያነብልኝ ነበር።»

«ልትነግረው ብቻ ከሆነ መፍቻውን ለምን ያዝክ?» አለችው።  የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ ከፈተች። ማንበቡን ጠልታው ነበር።

«ይሄን ነበር ያሳየህ» አለች። «ሐምሌ አሥራ ሁለት፣ እንጦጦ አናት። 'በሊትር ሰባት ኪሎ ሜትር ተኩል። በማርሽ መውረዱና የዕቃው መቅለል ተደምሮ የአንድ ሰው ክብደት ተርፎናል። ከሰኞ ጀምሮ ዮፍታሔን እመልሰዋለሁ። ይቅርታ እንዴት እንደሚባል ጵርስቅላን ልጠይቃት።'»

ዮፍታሔ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ሳጅን ሲሞን ካቴናውን ሲያስገባለት እጁን እንኳ አልሰበሰበም። ጵርስቅላ ወንድሟን አላየችውም፤ አልረገመችውም፣ አላለቀሰችለትም።

ግሩም ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ በሩ ሲራመድ ጵርስቅላ ሮጣ ደረሰችበት። ጋራዡ ሲሰባበር የእሷም እጅ ነበረበት። ፊቱ ቆማ አፏን ከፈተች፤ የይቅርታ ቃል ግን አልወጣ አላት። ባሏ ሊጠይቃት የነበረውን ነገር እሷም አታውቀውም ነበር። ግሩም ትንሽ ጠበቃትና ወደ ልጁ ሄደ።